«ሌሊት 8 ነው ያልኩህ!»

በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ ምዝገባ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ከሬጅስትራር መስኮት ተነሥቶ ዘንባባዎቹን አልፎ ግቢው በር ደርሷል። ከመርዓዊና ከዳንግላ ጎሕ ሳይቀድ በሚኒባስ የተነሡ አሉበት። ተማሪው ሲስተሙ ውስጥ ይገባል፣ ስሙም ውጤቱም ይታያል፤ ኮርሱን መርጦ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን ግን ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች። 3 ሰዓት ገደማ ደግሞ ገጹ ራሱ አልከፈት ይላል። የመስኮቷ ሠራተኛ የተለመደውን ትናገራለች፦ «ሲስተም የለም።»

የአይሲቲ ዳይሬክተሩ ነገሩን በኢንተርኔት ላይ አሳበው መስመሩ በእጥፍ እንዲያድግ ደብዳቤ አስረቀቁ። የሰርቨሩ ወጣት ባለሙያ በበኩሉ ጠዋት ጠዋት ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል፤ ሲነሣ ይሠራል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል። በኋላ ጉድ ያፈላችው ይህችው ሪስታርት ናት።

መስመሩ እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ሰርቨሩ ያለው እዚያው ግቢ ነው፤ ከሱ ጋር በአንድ ስዊች የተያያዙት የላብ ኮምፒውተሮችም እኩል ቆመዋል። ከግቢ ለማይወጣ ትራፊክ የውጭ መስመር ቢያድግ ምን ሊረባው? ደግሞም መጀመሪያ የሚቆመው መጻፍ (አዲስ ነገር መመዝገብ) ብቻ ነው። የደከመ ኔትወርክ አይመርጥም፤ ማንበቡንም መጻፉንም እኩል ያጓትታል። ማንበብ እየተቻለ መጻፍ ብቻ ሲቆም፣ ዳታቤዙ (መዝገቡ የተቀመጠበት) ውስጥ ሠንጠረዦቹን የቆለፈ አካል እንዳለ መጠርጠር ነው።

ቁርጡን ያመጣችው የመስኮቷ ሠራተኛ ናት። ባለ 50 ሉክ ደብተሯ ጀርባ ላይ የየቀኑን ሰዓት ጽፋ ኖሯል፦ 2፡30 መስኮቱ ሲከፈት ሲስተሙ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ሪስታርት ሲደረግ ይለቃል፣ ከዚያ እስከ ማታ ደህና ነው። ደብተሩን ለወጣቱ እያሳየች፣ «ኔትወርክ ሰዓት ያከብራል እንዴ፣ ልጄ?» አለችው።

በማግስቱ 2፡40 ላይ ሪስታርት ማድረጉን ትቶ፣ ዳታቤዙን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ በማይኤስኪውኤል ውስጥ «ሾው ፕሮሰስሊስት» (አሁን ማን ምን እየሠራ ነው?) ብሎ ጠየቀ። መቶ የሚያህል ጥያቄ «ወይቲንግ ፎር ቴብል ሜታዳታ ሎክ» (የሠንጠረዥ ቁልፍ እስኪለቀቅ በመጠበቅ ላይ) የሚል ተለጥፎበት ተደርድሯል። ቁልፉን የያዘው የባካፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) አካውንት ሆኖ ተገኘ። ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል ደምፕ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር የዳታቤዙን ሠንጠረዦች በሙሉ ቆልፎ ነው የሚቀዳው፤ ማንበብ ይፈቅዳል፣ መጻፍ ግን እስኪጨርስ ይጠብቃል። የሚጠብቁት እየተከማቹ ይሄዳሉ፤ በአንድ ጊዜ የተፈቀደው የግንኙነት ቁጥር ደግሞ ካልተቀየረ በቀር 151 ነው። እሱ ሲሞላ ማንበብ የሚፈልገውም በሩ ይዘጋበታል። 3 ሰዓት ላይ ገጹ አልከፈት የሚለው ለዚህ ነበር።

ባካፕ በምዝገባ ሰዓት ምን ይሠራል? ከወጣቱ በፊት የነበረው ባለሙያ ክረምት ላይ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ለቋል። ክሊራንስ ሲጨርስ አካውንቱ ተዘጋ፤ ባካፑን በሰዓቱ የሚያስነሣው ክሮን የሚባለው ትእዛዝ የተቀመጠው በራሱ አካውንት ሥር ስለነበር አብሮ ቆመ። የተረፈው በርክክብ ወረቀት ላይ ያለ አንድ መስመር ነው፦ «ባካፕ፦ 8 ሰዓት።» ወጣቱም ክሮኑን አዲስ ጻፈና 8 ብሎ ሞላ። ነሐሴ ስለነበር ተማሪ የለም፣ ማንም አላወቀ።

ስልክ ተደወለ። «ወንድሜ፣ 8 ሰዓት ያልከው…»

«ሌሊት 8 ነዋ! ሰው ሁሉ ተኝቶ!»

የእኛ ሌሊት 8 በሰርቨሩ አቆጣጠር 02፡00 ነው። ሰርቨሩ 08፡00 የሚለው ደግሞ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማለትም መስኮቱ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ይህ ራሱ ሰርቨሩ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ስለተሞላ ነው። አዲስ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ተሞልቶ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ሌሊት 8ን የሚሰጠው 23፡00 ነው። ርክክብ ወረቀት ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ያዋጣል።

ቁልፉ ከተገኘ በኋላ ወጣቱ የባካፕ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። በትክክል ያለቀ ደምፕ የመጨረሻ መስመሩ «ደምፕ ኮምፕሊትድ» ብሎ ቀኑን ይጽፋል። የሦስቱ ቀን ፋይሎች ግን መሐል ዓረፍተ ነገር ላይ ተቆርጠዋል፤ ሪስታርቱ ደምፑንም አብሮ ገድሎታል። ስክሪፕቱ የመጨረሻዎቹን አራት ፋይሎች ብቻ ነው የሚያስቀረው። አንድ ጠዋት ሪስታርት ቢጨመር ኖሮ በተቋሙ ሙሉ ባካፕ የሚባል አይኖርም ነበር። የስሕተት መልእክቱ ማንም ወደማይከፍተው የኢሜይል ሳጥን ሲሄድ ከርሟል።

ጥገናው ቀላል ነው። ማይአይሳም በሚባለው የድሮ ዓይነት የተቀመጡት ሠንጠረዦች ኢኖዲቢ ወደሚባለው ዓይነት ተቀየሩ፤ ደምፑ «ሲንግል ትራንዛክሽን» በሚለው ትእዛዝ ያለ ቁልፍ እንዲቀዳ ተደረገ (ይህ ትእዛዝ ለማይአይሳም አይሠራም፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ መቀየሩ)፤ ክሮኑ ከግለሰብ አካውንት ወጥቶ በአገልግሎት አካውንት ሥር 02፡00 ላይ ተቀመጠ። ስክሪፕቱ የመጨረሻዋን መስመር ሳያይ አሮጌ ፋይል አይሰርዝም፤ ካየ በኋላ የፋይሉን መጠን ለክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። ጠዋት መልእክት ከሌለ መብራት ጠፍቷል ወይ ዲስኩ ሞልቷል፤ ዝምታውም ወሬ ነው። በሳምንት አንዴ ኮፒው በኢንክሪፕሽን ተቆልፎ በውጭ ዲስክ ወደ ፋይናንስ ካዝና ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪ መዝገብ እንዲሁ በፍላሽ ይዞ መዞር አይቻልም።

የመስመሩ ደብዳቤ ተሳበ። በምትኩ ዳይሬክተሩ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ባካፑ ከዜሮ እንዲመለስ አዘዙ፤ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ። ሬጅስትራር ድረስ ሄደው፣ «በምዝገባ ቀን ሰርቨሩ ቢሞት ይህን ያህል መዝጋት ትችላላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ሰልፉን አየት አደረገችና፣ «የዳንግላው የመጨረሻ ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለች።