114 ዲግሪ ለአዲስ አበባ ፈጅ አይሆንም

ፈጅ ስኳርና ወተት አብረው ፈልተው የሚሠራ ልስልስ ጣፋጭ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው አሠራሩ ሁሉ ማለት ይቻላል «114 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት» ይላል። አራት ኪሎ ላይ ሆናችሁ ይህን ከተከተላችሁ የምታገኙት ቢላ የሚያስቸግር፣ ሲቆረጥ የሚፈረፈር ደረቅ ነገር ነው። ጥፋቱ የስኳሩም የእጃችሁም አይደለም፤ ከተማችን ከፍ ያለች ስለሆነች ነው።

የምጽፈው ከግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሰሞን የታች ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ በሰሃን ይዛ መጣችና «እትዬ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ፤ እንደተባለው አድርጌ ነው የሠራሁት፣ ለምን ደረቀብኝ?» አለችኝ። ዕድሜዬን ኬሚስትሪ ሳስተምር ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ በሰፊው የማስቀምጠው።

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ እዚህ ያለ ፕሬዠር የሚያስጠብቀን ለዚሁ ነው። የስኳር ሽሮፕም ሕጉ አንድ ነው። አሠራሩ 114 የሚለው ድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ ለማወቅ ነው። ያው የውኃ መጠን እዚህ የሚቀረው 106 ገደማ ላይ ነው። እስከ 114 ከጠበቃችሁ ብዙ ውኃ ተንኖ አልቋል፤ ፈጁን አልፋችሁ ወደ ከረሜላው እየሄዳችሁ ነው።

ቴርሞሜትር ያላችሁ መጀመሪያ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ከ100 የጎደለውን ያህል አሠራሩ ላይ ካለው ቁጥር ቀንሱ፤ በቃ። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ደግሞ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙ፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። ከሚፈላው በማንኪያ ጫፍ ጠብ አድርጉበትና በጣታችሁ ሰብስቡት። ከተበተነ ገና ነው። ውኃው ውስጥ ልል ኳስ ሆኖ፣ ሲወጣ ጣታችሁ ላይ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ጠንክሮ ቅርጹን ከያዘ ግን አልፎታል፤ ጥቂት ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ እንደገና አፍሉት፣ ይመለሳል። ይህ መለኪያ እንጦጦ ጫፍም ሆነ ድሬዳዋ አይዋሽም።

አሁን ወደ ጓዳ። ሁለት ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ያልሞላ ካካዎ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ወተት ካልመጣ ኒዶ ይበቃል፤ አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡ፣ እንዲያውም ወፈር ስለሚል እኔ እሱን አስበልጣለሁ። ካካዎ ውድ ነው፤ ከሌለ ይቅር። ወተቱና ስኳሩ ብቻቸውን ሲፈሉ ቡኒ የሚል የራሳቸው መዓዛ ያመጣሉ፤ አንድ ኮረሪማ ፈልፍላችሁ ፍሬዎቹን አድቅቃችሁ ብትጨምሩበት ቫኒላ አይናፍቃችሁም። ለእኔ ከካካዎው ይህኛው ይበልጣል።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። የተነጠረው ኮሰረትና አብሽ የገባበት ስለሆነ ለወጥ ይቀመጥ። ከሾላ ገበያ የሚመጣውም ለጋ ቅቤ ከእርጎ የተናጠ ነውና ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙ በጣፋጭ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል።

እንግዳ ነገር አድርገን ስናየው ይሸሸናል እንጂ ፈጅ ድሮም የተማሪ ምግብ ነበር። ስለ እሱ ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ኤመሊን ሃርትሪጅ የተባለች አሜሪካዊት የጻፈችው ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ባልቲሞር ውስጥ አንድ ፓውንድ በ40 ሳንቲም ይሸጥ እንደነበርና በ1888 በምትማርበት በቫሳር ኮሌጅ ለተመራቂዎች ጨረታ 30 ፓውንድ መሥራቷን ትናገራለች። ከ13 ኪሎ በላይ ማለት ነው፤ ያን ሁሉ በእጅ! ጉልበቷን አደንቃለሁ።

መቀመጫው ወፍራም በሆነ ድስት ከቅቤው በቀር ሁሉንም ቀላቅሉና ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ በቀስታ አማስሉ። መፍላት ሲጀምር ማማሰሉን አቁሙ። የድስቱ ግድግዳ ላይ የተረጨው ስኳር ደርቆ ተመልሶ ከወደቀ ሌላውንም ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ክደኑት፣ እንፋሎቱ ራሱ ያጥበዋል። ከዚያ ክዳኑን አንስታችሁ በመካከለኛ እሳት ልል ኳስ እስኪሆን ጠብቁ። በመሃል መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፤ ቡታጋዝ ካለ አዙሩት፣ ከሌለም ሳትነኩት ይቀመጥ። መብራቱ ሲመጣ በጥቂት ውኃ አላልታችሁ ትቀጥላላችሁ።

ከእሳት ስታወርዱት ቅቤውን ከላይ ጣል አድርጉና ተዉት። ማንኪያ አታስገቡ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ ፈጅም የሚበላሸው እዚሁ ነው። ሽሮፑ በትኩሱ ከተማሰለ የስኳሩ ቅንጣቶች ጥቂት ሆነው ያድጋሉ፤ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክረው ያ ነው። ወደ 43 ዲግሪ አካባቢ ወርዶ ሲመታ ግን እልፍ ደቃቅ ቅንጣቶች ባንድ ጊዜ ይፈጠራሉ፤ ምላስ አይለያቸውም። ማሩ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንዳይተልቁ ያግዳቸዋል። ቴርሞሜትር ከሌለ የድስቱን መቀመጫ በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ ሳያቃጥል ለብ ካለ ጊዜው ነው።

ከዚያ የእንጨት ማንኪያ ያዙና ምቱ። መጀመሪያ ያብለጨልጫል፣ ቀጥሎ ይከብዳል፣ ክንድ ይዝላል። ሰው ካለ ተቀባበሉ። ድንገት ማብለጭለጩ ሲጠፋና ፈዘዝ ሲል ጊዜ የለም፤ ቅቤ የተቀባ ትሪ ላይ ወዲያው ገልብጡት። የተቆላ ለውዝ የምትጨምሩ ከሆነ ከዚያች ቅጽበት ጥቂት ቀድማችሁ ነው። ሲረጋ ቁረጡና ክዳን ባለው ጣሳ አስቀምጡ፤ በተለይ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ክፍት ካደረ ይደርቃል።

የጎረቤቴ ልጅ መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ስለ ጾም ነበር። ይቻላል፣ እንዲያውም ይቀላል። በወተቱ ፈንታ ሦስት ሩብ ኩባያ ውኃ አድርጉ፤ ስኳሩና ማሩ ያው ነው፣ ቅቤና ካካዎ ይቅር። ልል ኳስ ሲሆን አውርዱና አንድ ኩባያ የለውዝ ቅቤ ጨምራችሁ ሳይቀዘቅዝ ፈጥናችሁ አዋህዱት፤ የለውዙ ዘይት ስለሚያለሰልሰው ያን ሁሉ መምታት አይጠይቅም። የሱቁ የለውዝ ቅቤ ብዙ ጊዜ ጨው አለው፣ ስለዚህ ቀምሳችሁ ካልሆነ ጨው አትጨምሩ።