ፊቱ ሳይታይ የታወቀው ክሎድ ሬይንስ

የድሮ የሆሊውድ ፊልሞችን ስመለከት ዓይኔ ከዋናው ተዋናይ ይልቅ ክሎድ ሬይንስን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1889 ለንደን ውስጥ የተወለደው ይህ ሰው በልጅነቱ አንደበቱ ይታሰር ነበር፤ የንግግር ትምህርቱን ወጪ የሸፈነለት ስመ ጥሩው የቴአትር ሰው ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል አጣ። ኋላም በለንደን የድራማ አካዳሚ ጆን ጊልጉድን የመሰሉ ተዋንያንን አስተምሯል።

በ1933 «የማይታየው ሰው» በተሰኘው ፊልም ሆሊውድ ውስጥ ሲታወቅ ዕድሜው አርባን አልፎ ነበር። ፊቱ የሚታየው በፊልሙ ማብቂያ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ታሪኩን ሁሉ የተሸከመው በብዙ ድካም በተገራው ድምፁ ነው። ከሥራዎቹ አብልጬ የምወደው «ካዛብላንካ» ውስጥ የተጫወተውን የፖሊስ አዛዥ ሲሆን፣ ሹሙ ሥልጣኑን ለጥቅሙ የሚያውልና ነፋሱ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል ሆኖ ሳለ ሬይንስ እንድንጠላው አይፈቅድልንም።

በረዳት ተዋናይነት አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንድም ጊዜ አለመሸለሙ ያሳዝነኛል፤ በተለይ በ1946 በ«ኖቶሪየስ» የናዚዎች ተባባሪ የሆነውን፣ ሚስቱ እንደሰለለችው ሲያውቅ ልቡ የሚሰበረውን ባል የተጫወተበት ብቃት ሽልማቱ ይገባው ነበር።