ሽሮ ሜዳ ላይ የሰማሁት ክርክር

ዛሬ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። አንዲት እናትና የልጅ ልጃቸው የሠርግ ልብስ ይመርጣሉ። ልጅቷ ያደገችው ውጭ ነው፤ አማርኛዋ ግን ይጣፍጣል። ጀርባው ክፍት የሆነ የሽፎን ቀሚስ አንስታ "እምዬ፣ ይሄ ወገቤን ያወጣዋል" አለች።

እሳቸው ፊቱን አላዩትም። ገለበጡና የጥልፉን ጀርባ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ አንዱን ክር ሳብ አድርገው "ይሄ የማሽን ነው" ብለው መለሱት። ነጭ መነን አስወረዱ፤ ጥበቡ ጠበብ ያለ፣ ባለ አንድ ቀለም። "ኧረ እምዬ፣ ይሄማ የቤተ ክርስቲያን ነው!" ሻጩ ሳይቀር ሳቀ። በመጨረሻ መነኑ ወገቡ ጠበብ ብሎ እንዲሰፋ ተስማሙ።

ለእሳቸው ያማረባት ሴት ማለት የሄደችበትን ቦታ የምታውቅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ነጠላዋን ታመሳቅላለች፤ ለቅሶ ከሆነ ጥለቱን ወደ ላይ ትዘቀዝቃለች። ለልጅቷ ግን ውበቱ ያለው ስፌቱ ላይ ነው፣ ልኩ ላይ። ሁለቱም ሐረር ጀጎል ቢሄዱ ደግሞ ሌላ ክርክር ይጠብቃቸዋል። እዚያ የሴት ክት ልብስ ደማቅ ነው፤ ከቀሚሱ ሥር ጠባብ ሱሪም አለ።

በወገቡ ነገር እኔም ከልጅቷ ጋር ነኝ። በጨርቁ ግን ከእናትየው አልለይም። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሠራው ጥበብ እያለ፣ የፋብሪካ ህትመት "የሐበሻ ልብስ" ተብሎ ሲሸጥ ያናድደኛል።