የአሞሌ ክርክር

የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬ አይጣል ነው። ጋቢ ደርበን፣ ጠረጴዛ ከበን፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚፈጥርበትን ጨዋታ ተጫወትን። እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ያጠራጠረውን ባለ 20 ገጹ ዳይስ ይፈርዳል። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ቦታው ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ገበያ፣ ገንዘቡ አሞሌ ጨው። ሽፍታ አድፍጦ እየጠበቃቸው እነሱ በቅሎ ሊገዙ ቆሙ! «አባባ፣ አምስት አሞሌ ይቀንሱልን እንጂ!» እኔም ነጋዴውን ሆኜ ድርቅ አልኩ። ዳይሱ ተወረወረ፤ 20! በቅሎዋን በነፃ በሚባል ዋጋ ነዷት። ሽፍታው እስካሁን እንዳደፈጠ ነው፣ ምስኪን።

የጨዋታውን ደንብ ራሴ ጽፌ፣ ፎቶኮፒ አስደርጌ፣ በስቴፕለር መትቼ ነው የማድለው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስም በ1974 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የጨዋታው ሳጥን የተሰናዳው ቤት ውስጥ ነበር። በደንቤ ቀጣይ እትም የበቅሎ ዋጋ ይገባል። ፎቶኮፒ የሚረክስበት የምታውቁ ጠቁሙኝ።