ህልም ውስጥ ሆኖ ህልም መሆኑን ማወቅ (ለጀማሪዎች)

ሉሲድ ድሪም ሲባል ብዙ ሰው የጥንቆላ ነገር ይመስለዋል፣ አይደለም። ህልም እያያችሁ እዛው "ኧረ ይሄ ህልም ነው" ብላችሁ ማወቅ ነው በቃ። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ አገር ሃል ዩኒቨርሲቲ ኪት ኸርን የሚባል ተመራማሪ አላን ዎርስሊ ከሚባል ሰው ጋር ተስማምተው፣ ሰውየው ተኝቶ ህልም ላይ መሆኑን ሲያውቅ ዓይኑን ግራ ቀኝ አደረገ፣ የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተለው ማሽንም መዘገበው። ምልክቱ በዓይን የሆነው ህልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሬም በሚሉት፣ የሰውነት ጡንቻ ዝሎ ስለሚቀርና ዓይን ግን ስለሚንቀሳቀስ ነው። ከተኛ ሰው መልእክት መጣ ማለት እኮ ነው!

እኔ ለጀማሪ የምለው መጀመሪያ ህልማችሁን ማስታወስ ልመዱ። እናቴ ጠዋት ቡና እያፈላች ህልሟን ሳትናገር አትውልም፣ ማን ምን እንደለበሰ ሳይቀር ታስታውሳለች፣ በየቀኑ ስለምትናገረው ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተም ስትነቁ ሳትገላበጡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከመጨረሻው ወደኋላ አስታውሱና ጻፉት፣ ስልክ ከነካችሁ ግን አለቀ፣ ብን ብሎ ይጠፋል።

ከዛ ቀን ቀን "አሁን ህልም ላይ ነኝ እንዴ?" ብሎ የምር መፈተሽ ነው። የመብራት ማብሪያውን ተጫኑ፣ ካልበራ ህልም ነው የሚሉ አሉ፣ እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ግን መብራት ሲፈልግ ስለሚጠፋ ይሄ አይሰራም። አሪፉ አፍንጫን በጣት ይዞ መተንፈስ ነው፣ ህልም ውስጥ ከሆናችሁ የያዛችሁት የህልሙን አፍንጫ ስለሆነ አየሩ ዝም ብሎ ይገባል። ሌላው ጽሁፍ አንብቦ ዞር ብሎ ደግሞ ማንበብ ነው፣ ህልም ውስጥ ጽሁፍ አይረጋም።

ሰዓቱ ደግሞ ወሳኝ ነው። ሬም በግምት በየ90 ደቂቃው ይመጣል፣ ወደ ንጋት ሲሆን ይረዝማል፣ ስለዚህ ማታ ገና ስትተኙ ከመታገል ሊነጋ ሲል ነው መሞከር። እኛ ጋ ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ የቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲጀምር እነቃለሁ፣ ትንሽ ቁጭ እልና "አሁን ህልም ሳይ ህልም መሆኑን አውቃለሁ" እያልኩ፣ ያየሁትን ህልም በሃሳቤ እየሳልኩ ተመልሼ እተኛለሁ። ይሄን ዘዴ ስታንፎርድ የነበረው ስቲቨን ላበርጅ ነው ያስፋፋው።

የመጀመሪያዬ እንዲህ መጣ፦ አደባባዩ ጋ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው፣ ሚኒባሱ መጣ ታፔላው ሜክሲኮ ይላል፣ ረዳቱን አየት አድርጌ ስመለስ መገናኛ ሆኗል፣ ደግሜ ሳየው ፊደሉ ራሱ ፊደል አይደለም! አፍንጫዬን ያዝኩ፣ አየር ገባ። ደስታው ልብ ያስቆማል፣ እና ስትደነግጡ ወዲያው ትነቃላችሁ፣ መድሃኒቱ እጅን እርስ በእርስ ማሸት ነው፣ እኔ መዳፌ ሲሞቅ እየተሰማኝ የአስፋልቱ ጠጠር አንድ በአንድ ጠርቶ ታየኝ።

ዱካክ የሚጫነው ሰው ግን መሃል ሌሊት ተነስቶ መተኛቱን ይተወው፣ እንቅልፍ መቆራረጥ ያንን ሊያባብስ ይችላል። ለእንደዚህ አይነቱ ሰው ህልም መጻፉና የቀኑ ፍተሻ ይበቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ሰርቪስ የምትይዙ ደግሞ ለቅዳሜና እሁድ አድርጉት።