ሦስት እስክቆጥር

ከከሰዓት ፈረቃ ገና መመለሴ ነው። በአዳማ የመጋቢት ሙቀት፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ የተጣበቡት የ4ኛ ክፍል ልጆቼ ከስምንት ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ክድን ክድን ሲል ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳቸው ሌሎች ልጆች መስለው ስለሚመጡ ግን ያን ሐሳብ ከተውሁት ቆይቻለሁ። የራሴን ጥፋት ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው።

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ድምፄን ቀዳሁ። ማታ ሳዳምጠው፣ ከጠየቅሁ በኋላ የምተወው ጊዜ አንድ ትንፋሽ እንኳ አይሞላም። ያው «ቲቸር እኔ፣ ቲቸር እኔ» የሚለው የፊት ዴስክ ልጅ ይመልሳል፣ «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት» እላለሁ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እሻገራለሁ።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል፦ መምህራን መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው፤ ጊዜው ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም መልሶቹ ይረዝማሉ፣ ደካማ የተባሉትም መናገር ይጀምራሉ። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ፣ መምህሩ ጎበዝ ብሎ ለሚያምነው ልጅ ረዘም አድርጎ መጠበቁ ነው። የእኛማ «ሰነፍ» የሚለው ቃል ያልሠራውንና ያልፈጠነውን እንኳ አይለይም።

ዛሬ በአካባቢ ሳይንስ ስለ ነፋስ ጥቅም ጠይቄ በልቤ መቁጠር ጀመርሁ። በክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ጠመኔ እያገላበጡ መቆም ሦስት ሰከንዱን ሠላሳ ያደርገዋል። የፊት ዴስኩን ልጅ በእጄ ምልክት አስቀመጥሁት። ከመስኮቱ ሥር፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ተነሣ፤ በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ለካ ዐረፍተ ነገሩን በልቡ ሲያሰናዳ ሌላው እየቀደመው ኖሯል።

«ኮረብታው ላይ ያሉት ነጫጮቹ ማማዎች በነፋስ መብራት ይሠራሉ» አለ፤ ቀጠለናም፣ «ግን ቲቸር፣ ነፋሱ ሲቆም እነሱም ይቆማሉ። መብራቱ ለምን አይጠፋም?» ሲል ጠየቀኝ። (የሚጠፋባቸውን ቀናት ለጊዜው እንተዋቸው።)

አሁን ዝም ያልሁት እኔ ሆንሁ። የማማዎቹ ኃይል ከግድቦቹ ኃይል ጋር በአንድ የአገር መስመር እንደሚቀላቀል አውቃለሁ፤ ለእርሱ የሚስማማ ምሳሌ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ልጁ ቆሞ ጠበቀኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» አልሁት፤ አንገቱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

ነገ ሁለት ጆግ ውኃና አንድ ባልዲ ይዤ እገባለሁ፤ አንዱ ጆግ መንቆርቆሩን ሲያቆም ሌላው ባልዲውን ሲሞላ ያያል።