ባሮሎ ላይ ዝናባማውን ዓመት መረጥኩ

ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ካለችው አልባ ከተማ፣ በስሟ የሚጠራ ቀይ ወይን ጠጅ ወዳላት ባሮሎ መንደር አውቶቡስ አለ ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፌርማታው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። የመጣ ነገር የለም። ታክሲ ያዝኩ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ 45 ዩሮ ተቀበለኝ። ቀድሜ ዋጋ ስጠይቀው «በቆጣሪው ነው» ብሎኝ ነበር፤ ቆጣሪው ግን ጭራሽ አልበራም። በዚህ ገንዘብ አንድ ደህና የባሮሎ ጠርሙስ ይገዛል። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌሊቱም ደህና አልነበረም። የነቢያት ጾም ሳይገባ ልድረስ ብዬ የሄድኩት በህዳር መጀመሪያ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ አልባ ውስጥ የነጭ ትራፍል ገበያ የሚደራበት ነው፤ ከመሬት ስር በውሻ እየተፈለገ ወጥቶ በግራም የሚሸጠው ውድ እንጉዳይ። አልጋ ጠፋ። ከቡና ቤት በላይ ላለች ጠባብ ክፍል 130 ዩሮ ከፈልኩ። ጫጫታው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አላባራም። ወይን ጠጅ ሊቀምስ የመጣ ሰው እንቅልፍ ካጣ አፍንጫው አይታዘዝለትም። ለዚህ ነው የተናደድኩት።

ደግነቱ እዚያው አልባ የበላሁት እራት አለ። ጥሬ የጥጃ ስጋ በቢላ ደቅቆ ተከትፎ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ጠብ ብሎበት ይቀርባል። ቅቤ የለ፣ ሚጥሚጣ የለ። እኔ ለክትፎ የምሞት ሰው ነኝ፤ እንዲህ ባዶውን ይጣፍጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሳህኑን ጠርጌ ነው የተነሳሁት። አብሮት የጠጣሁት ባርቤራ የሚባለውን የዚያው አካባቢ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ለዚህ ምግብ ከባሮሎ ይልቅ እሱ ይስማማዋል።

ከሚላን እስከዚህ ያለው የባቡር መንገድ ብዙ የሚነገርለት አይደለም። ኮረብቶቹ ግን ሌላ ናቸው። ላንጌ ይባላሉ፣ ፒየሞንቴ በሚባለው ክልል ውስጥ። ባሮሎ የሚባለው ወይን ጠጅ የሚመጣው በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ካሉ 11 ቀበሌዎች ብቻ ነው። የሚሠራውም ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ዓይነት ነው፤ ሌላ መቀላቀል በሕግ ክልክል ነው። ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ አይሸጥም፤ ከዚህ ውስጥ 18 ወሩን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። ስለዚህ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣዕማቸው ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ማሳው፣ ዓመቱ ወይም የጠማቂው እጅ ነው። እኔን እዚህ ድረስ ያመጣኝ ይሄ ነው።

ባሮሎ መንደር ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ በ9 ዩሮ አንድ ብርጭቆ አስቀዳሁ። ገና ሳሸተው የረጠበ ካርቶን ይላል። ቡሹ ተበላሽቶ ወይኑን ሲበክለው የሚመጣ ጠረን ነው፤ ቶሎ ይታወቃል። ቀጂው «እርጅናው ነው» አለኝ። እርጅና እንደዚያ አይሸትም! ሌላ ጠርሙስ ክፈትልኝ ብዬ ብጠይቀው ፈቃደኛ አልሆነም። ከፍዬ ወጣሁ። እናንተን እንዲህ ካጋጠማችሁ አትሸማቀቁ፤ ደህና ቤት ቃል ሳይናገር ይቀይርላችኋል።

ከዚያ ላ ሞራ ወደምትባለው ጎረቤት መንደር በእግሬ ወጣሁ። አቀበት ነው፣ ግን በማሳዎቹ መሃል ነው የሚኬደው፤ ቅጠሉ ቀልቶ፣ ታች ሸለቆው በጭጋግ ተሞልቶ። እላይ አንድ ትንሽ ጠማቂ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ባለቤቱ ከአንድ ማሳ የሦስት ዓመት ምርት ደረደረልኝ፤ 2014፣ 2016 እና 2017 (ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ለማነጻጸሪያ ደግሞ የጎረቤቱን 2016 ጨመረበት፤ ሰራሉንጋ ከምትባል ሌላ የባሮሎ ቀበሌ የመጣ። ለአራቱም 25 ዩሮ።

አቀማመሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብዬ ጠርዙን አያለሁ። ኔቢዮሎ ቀለሙ ሲጀመርም ስስ ነው፤ ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ከዚያ ሳላዞረው አሸተዋለሁ፣ ቀጥሎ አዙሬ። ጎንጨት አድርጌ አየር እስብበታለሁ። ከዚያ እተፋለሁ። ሰው ፊት መትፋት ይከብዳል፤ ካልተፋችሁ ግን አራተኛው ብርጭቆ ላይ ስትደርሱ ሁሉም ጥሩ ይሆንባችኋል። ከተፋሁ በኋላ ጣዕሙ አፌ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ አያለሁ። ለእኔ ትልቁ ፈተና ይሄ ነው።

2017 ሞቃትና ደረቅ ዓመት ነበር። ብርጭቆው ውስጥም ይታወቃል፤ የፕሪም ማርማላታ፣ የአልኮል ሙቀት። መጀመሪያ ላይ ያስደስታል፣ ቶሎ ይሰለቻል። 2016 ሁሉም የሚያወድሰው ዓመት ነው፣ ውዳሴውም ይገባዋል። ጽጌረዳው፣ ቼሪው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ግን ታኒኑ፣ ማለትም ከወይኑ ቆዳ የሚመጣው አፍ የሚያደርቅ ነገር፣ ድድ ይጨብጣል። ገና አልደረሰም። የሰራሉንጋው ደግሞ የባሰ ነው። ሰራሉንጋ አፈሩ ከላ ሞራ በዕድሜ የቆየና የጠጠረ ነው፤ ወይኑም ዝግ፣ ጠንካራ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ይሆናል። የላ ሞራ አፈር ሰማያዊ ቢጤ ኖራማ ሸክላ ነው፤ እዚያ የሚወጣው መዓዛው ቀድሞ ይመጣል፣ ይለሰልሳል። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ዓይነት ወይን፣ ይህን ያህል ይራራቃሉ።

2014 መጨረሻ ላይ ነው የቀመስኩት። በጋው ዝናብ የበዛበት ዓመት ነው፤ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ያልፈዋል። ቀለሙ ስስ ነው። ሽታው ግን የደረቀ ጽጌረዳ፣ የረጠበ ቅጠል፣ ከስር ደግሞ ትንሽ ሬንጅ። ኮምጠጥ ማለቱ ምራቅ ያስመጣል፣ ታኒኑ ለስልሷል። የ2016ን ያህል አፍ ውስጥ አይቆይም። ቢሆንም ዛሬ ማታ ከምግብ ጋር የምጠጣው አንድ ምረጪ ብትሉኝ ያለማመንታት እሱን ነው። እዚያው ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ዩኔስኮ እነዚህን ኮረብቶች በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውም በዚያው በ2014 ነው።

በማግስቱ ከዚያው ከኔቢዮሎ የራሱን ወይን ጠጅ ወደሚሠራው ባርባሬስኮ መንደር ጉዞ ጀመርኩ። ታክሲ በፍጹም ብዬ በእግሬ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። አንዲት አሮጌ ፊያት ፓንዳ መኪና አጠገቤ ቆመች። የሚነዱት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። «ግቢ ልጄ፣ ትበሰብሻለሽ» አሉኝ። ቤተሰባቸው ወይን የሚያስገባው ለመንደሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ በፈረንጆቹ 1958 የቦታው ቄስ ድሃ ገበሬዎችን አሰባስበው ያቋቋሙት ማኅበር። ስለ 2014 ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉ። «ያን በጋ ማሳው ውስጥ ነው የከረምነው። ቅጠሉን በእጃችን መንጥረን፣ የበሰበሰውን ዘለላ በመቀስ እያወጣን። ዓመት መጥፎ የሚሆነው ለሰነፍ ነው» አሉኝ። ባርባሬስኮ ላይ የዘነበው ከባሮሎ ያነሰ እንደነበርም ነገሩኝ። መንደሩ በር ላይ አውርደውኝ ሄዱ፤ ለቤንዚን ልስጥ ብል ተቆጡኝ።

የባርባሬስኮ ወይን ጠጅ ቤት የድሮ የሳን ዶናቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አገልግሎቱ ካበቃ ቆይቷል፣ አሁን ግድግዳው በሙሉ ጠርሙስ ነው። እኔ ግን ገብቼ መቅመስ ከበደኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ ብርጭቆ ብቻ ጠጥቼ ወጣሁ። የማኅበሩን ወይኖች የቀመስኩት ሌላ ቦታ ነው። ዘጠኝ ማሳዎችን ለየብቻ ያሽጋሉ፣ በስማቸው። ዓመቱ አይመጥንም ብለው ሲያምኑ ግን ሁሉንም ቀላቅለው ተራ ባርባሬስኮ ብለው ይሸጡታል። ይህን ቁጥብነት ወደድኩት። አሲሊ የሚባለው ማሳ ቀልቤን ገዝቶታል፤ ቀጭን፣ ጥሩ መዓዛ ያለው፣ የማይጮህ።

ሁለት ጠርሙስ የላ ሞራ 2014 ገዝቻለሁ፣ አንዱ 42 ዩሮ። የሰራሉንጋውን 2016 ሚላን ላለው ወንድሜ ሰጠሁት። እስከ ፈረንጆቹ 2030 እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ።